የፖስታው ገንዘብ የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ገንዘብ አሥራት በአይሁድ ሕግ

ጥያቄ፦ ሻሎም ለዝግጅት ክፍሉ። በእስራኤል በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምሠራ፣ ባለ ትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከውትድርና ወጥቼ የመጀመሪያ ደመወዜን ከተቀበልሁ ጀምሮ፣ ላለፉት 9 ዓመታት፣ በየወሩ ከደመወዜ አንድ አሥረኛውን እየቆጠርሁ በፖስታ አድርጌ በወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ችግረኛ ሳገኝ ከዚያ አውጥቼ እሰጣለሁ። አሁን ግን ብዙ ነገር ግራ አጋብቶኛል። ባለቤቴ አሥራት የሚወጣው ግብር ከተቆረጠ በኋላ ከሚቀረው ነው ይለኛል፤ እኔ እስከ ዛሬ የማወጣው ከሙሉው ነበር። ጎንደር ያለችው አክስቴ ያለ እኔ ረዳት የላትም፤ አባቴም የሚኖረው በጡረታ ብቻ ነው። ለእነርሱ የምሰጠው ከፖስታው ቢሆን ይቆጠርልኛል? ባለፈው ወር የመብራት ሒሳብ ሲደርስብኝ ከፖስታው 400 ሸቀል አውጥቼ ከፈልሁ፣ እስካሁን አልመለስሁትም፤ መሳቢያውን በከፈትሁ ቁጥር የሰረቅሁ ይመስለኛል። የቤት ብድራችን ክፍያ ከጨመረ ወዲህ አስቤዛ በዱቤ የምንገዛበት ወርም አለ። ማቆም ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ ሻሎም እህታችን። እንቅልፍ የነሳዎት ነገር ስለሆነ ከ400 ሸቀሉ እንጀምር። አልሰረቁም። ይህንን ጉዳይ ታልሙድ፣ የጥንት ጠቢባን የሕግ ውይይት የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ በቀጥታ አንስቶታል። አንድ ሰው ሳንቲም ይዞ «ይህ ለጸዳቃ ይሁን»፣ ማለትም ለድኾች ይሰጥ፣ ካለ በኋላ፣ ገንዘቡ በሰብሳቢው፣ ማለትም በገባዩ እጅ እስካልገባ ድረስ በሌላ ሊለውጠው ወይም ተበድሮት ሊተካው ይችላል፤ ገባዩ እጅ ከገባ በኋላ ግን መንካት አይፈቀድለትም። እ.ኤ.አ. በ1565 በቬኒስ የታተመው የረቢ ዮሴፍ ካሮ የሕግ መጽሐፍ፣ ሹልሃን አሩኽም፣ ይህንኑ ደንግጓል። ፖስታው ያለው በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ እንጂ በገባይ እጅ ስላልሆነ የወሰዱት ብድር ነው፤ ብድር ደግሞ ይመለሳል። ዛሬውኑ ቁራጭ ወረቀት ላይ «400 ሸቀል ተበድሬአለሁ» ብለው ከቀኑ ጋር ይጻፉና ፖስታው ውስጥ ያኑሩት። ወረቀቱ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ዕዳ ሳይጻፍ የቆየ እንደሆነ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ 400ው ይሁን 300 ማስታወስ ያዳግታል፤ የሚጎዳውም ሊከራከር የማይችለው ድኻ ነው። ጸዳቃ የሚቀበል ድኻ በቅርብ እያለ መስጠትን ያለ ምክንያት ማዘግየትም የተከለከለ ስለሆነ፣ ብድሩ የሚመለስበትን ወር አብረው ቢጽፉ መልካም ነው። ለወደፊቱ ደግሞ ገንዘቡን በፖስታ ሲያስቀምጡ «በየጊዜው እንደ አስፈላጊነቱ አካፍላለሁ» የሚል አሳብ ይዘው ያስቀምጡት፤ እንዲህ አስበው ያስቀመጡት ገንዘብ እስኪታደል ድረስ ቢቆይ እንደ መዘግየት አይቆጠርብዎትም።

ሌሎቹን ጥያቄዎች ለመመለስ ይህ አሥራት ምን ዓይነት አሥራት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ በቶራ፣ በአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት፣ የተጻፈው አሥራት እና ዛሬ ከደመወዝ የሚወጣው አንድ አይደሉምና። የቶራው አሥራት የምድር ፍሬ ነው። የመጀመሪያው አሥራት ርስት ላልተሰጣቸው ሌዋውያን ይሰጥ ነበር፤ ሁለተኛውን ባለቤቱ ራሱ ወደ ኢየሩሳሌም ወስዶ በዚያ ይበላው ነበር፤ በሰባቱ ዓመት ዑደት በሦስተኛውና በስድስተኛው ዓመት ግን በሁለተኛው ምትክ የድኻ አሥራት ይወጣ ነበር። ከንግድ ትርፍና ከደመወዝ የሚወጣው አሥራት፣ በዕብራይስጥ ማዓሴር ክሳፊም የሚባለው፣ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። መነሻ የሚሆኑት የአባቶች ታሪኮች ናቸው፦ አብርሃም ከጦርነት ሲመለስ ለመልከ ጼዴቅ ከሁሉ አሥራት ሰጠ፤ ያዕቆብም ወደ ካራን ሲሸሽ በቤቴል ድንጋዩን አቁሞ «ከሰጠኸኝ ሁሉ አሥራት አወጣልሃለሁ» ብሎ ተሳለ። ያዕቆብ በዚያች ሌሊት እርሻም መንጋም አልነበረውም፤ የተሳለው ገና ከሚያገኘው ነው። ደመወዝተኛም ከእርሱ ጋር ይመሳሰላል።

ግዴታው ምን ያህል ይጠብቃል በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ከቶራ የመጣ ነው ያሉ አሉ፤ የጠቢባን ሥርዐት ነው ያሉ አሉ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በክራኮቭ ያስተማሩት ረቢ ዮኤል ሲርኪስና ሌሎችም ደግሞ ሕዝቡ በፈቃዱ የያዘው መልካም ልማድ ነው ብለዋል። ይህ ልዩነት ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የተተወ ነገር አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደሚያዩት በዱቤ አስቤዛ ለሚገዛ ቤት ትልቅ ትርጉም አለው።

በቋንቋችን «ምጽዋት» ስንል ከርኅራኄ የሚፈልቅ ስጦታ ይታየናል። የዕብራይስጡ ጸዳቃ ግን ከእኛው «ጽድቅ» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው፤ ፍርድን፣ ለባለ መብቱ የሚገባውን ማድረስን ያመለክታል። እርስዎም መሳቢያውን ሲከፍቱ የተሰማዎት ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል፤ ገንዘቡ አንዴ ከተለየ የራስ እንዳልሆነ ሳይነግሩዎት ያውቁታል። ስሜትዎ ትክክል ነበር፤ ሕጉ ግን ከስሜቱ ይልቅ ለእርስዎ ያዘነ ሆኖ ተገኘ።

ስለ መጠኑ። ባር ኮክባ በሮማውያን ላይ ካስነሣው ዐመፅ በኋላ ጠቢባን በገሊላ በምትገኘው ኡሻ ተሰብስበው ከደነገጓቸው ነገሮች አንዱ፣ ለጸዳቃ እጁ የሚፈታ ሰው ከአምስት አንድ እጅ በላይ እንዳይሰጥ ነው፤ ምክንያቱም ሰጪው ራሱ ነገ የሰው እጅ ጠባቂ እንዳይሆን ነው። ይህ ድንጋጌ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ለድኻው እጅግ የሚቆረቆሩት ሰዎች ለሰጪውም ጣሪያ ሠርተውለታልና። እ.ኤ.አ. በ1204 በግብፅ ያረፉት ሊቅ ራምባም (ሙሴ ማይሞኒደስ) ደግሞ ልኩን እንዲህ አስቀምጠውታል፦ አምስተኛ እጅ የሰጠ ምርጡን አድርጓል፤ አሥረኛ የሰጠ መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች የሰጠ ዐይነ ጠባብ ነው። ማንም ሰው ግን ምንም ቢቸግረው በዓመት ከሰቅል አንድ ሦስተኛ ያነሰ እንዳይሰጥ ዝቅተኛውንም ወለል ለክተዋል። ድሮ ሰቅል የብር ክብደት ስለነበር ይህ ከዛሬው ሸቀል ጋር መምታታት የለበትም፤ ቢሆንም እጅግ ትንሽ ገንዘብ ነው። ትንሽነቱ የታሰበበት ነው፤ ከጸዳቃ የሚኖር ድኻ እንኳ ራሱ ጸዳቃ መስጠት እንዳለበት ታልሙድ ያስተምራልና።

ባለቤትዎ ስለ ግብሩ የተናገሩት ብዙዎቹ የዘመናችን ሊቃውንት የሚቀበሉት ነው። በኒው ዮርክ የኖሩት ረቢ ሞሼ ፋይንስታይን (1895–1986) የገቢ ግብር ከመጀመሪያውም በሠራተኛው እጅ እንዳልገባ ገንዘብ ስለሚታይ አሥራት የሚታሰበው ግብሩ ከተቀነሰ በኋላ ከሚቀረው ነው ብለው ፈርደዋል። በደመወዝ ወረቀትዎ ላይ 9,000 ሸቀል ተጽፎ የገቢ ግብሩ 500 ቢሆን፣ አሥራቱ ከ8,500 ታስቦ 850 ይሆናል ማለት ነው። ወደ ሥራ ለመመላለስ አሠሪው የሚተካልዎት የትራንስፖርት ገንዘብም ወጪዎን መሸፈኛ እንጂ ገቢ አይደለም። ለብሔራዊ መድንና ለጡረታ የሚቆረጠው ግን ኋላ ተመልሶ ሊደርስዎት የሚችል ስለሆነ አያያዙ ይለያያል፤ የደመወዝ ወረቀቱን ይዘው የሰፈርዎን ረቢ ወይም የቤተ እስራኤል ቄስ ያማክሩ። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ልብስና የመሳሰለው የኑሮ ወጪ ግን በብዙዎቹ ዘንድ አይቀነስም፤ ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላማ አሥራት የሚወጣለት ገንዘብ የሚተርፈው ባለጠጋው ብቻ በሆነ ነበር።

ወደ አባትዎ ልምጣ፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ልጅ አቅም እያለው አባቱን ከድኻ አሥራት የሚመግብ እንደሆነ ታልሙድ ብርቱ የእርግማን ቃል ተናግሮበታል። አባትን ማክበር ማለት በድኾች ረድፍ አሰልፎ ድርሻውን መስጠት አይደለምና፣ አቅም ካለ ለአባት የሚወጣው ከራስ ኪስ መሆን አለበት። አቅም ከሌለ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከአሥራቱ ውጭ የሚሰጡት ነገር የማይተርፍዎት ከሆነ ከፖስታው ለአባትዎ መስጠት ይፈቀዳል፤ ለሌላ ድኻ ከመስጠትም ይቀድማል። ዋናው ጥያቄ ስለዚህ ስለ አባትዎ ሳይሆን ስለ ቤትዎ ሒሳብ ነው፤ እውነተኛውን መልስ የሚያውቁት እርስዎና ባለቤትዎ ናችሁ። ከፖስታው ለመስጠት ከተገደዱም አባትዎ ገንዘቡ ከየት እንደወጣ ማወቅ አያስፈልጋቸውም። ራምባም የጸዳቃን ስምንት ደረጃዎች ሲዘረዝሩ ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበትን ስጦታ ከላይ ሁለተኛ ያደረጉት የተቀባዩን ፊት ከኀፍረት ለመጠበቅ ነውና፣ አባትም ከማንም ያላነሰ ይህ ጥበቃ ይገባዋል።

አክስትዎን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በሹልሃን አሩኽ መሠረት ድኻ ዘመድ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል፤ ቀጥሎ የራስ ከተማ ድኾች፣ ከዚያም የሌላ ከተማ ድኾች ይመጣሉ። ስለዚህ ጎንደር ያለች ችግረኛ አክስት፣ ርቀቱ ሳይከለክላት፣ ከማያውቁት የጎረቤት ድኻ ትቀድማለች፤ የሚልኩላትም ገንዘብ ከፖስታው ቢሆን አሥራት ይባላል። አንድ ገደብ ብቻ አለ፦ ሰው ጸዳቃውን በሙሉ ለአንድ ድኻ ብቻ እንዳይሰጥ ያው ሕግ ያስጠነቅቃል። ከ850 ሸቀሉ አብዛኛውን ለእርሷ ልከው፣ ጥቂቱን በሚኖሩበት ከተማ ደጅዎን ለሚያንኳኳ ሰው ቢያስቀሩ ሁለቱንም ጠብቀዋል ማለት ነው።

ማቆም ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቀዋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። አንደኛው ግዴታው ነው። የሹልሃን አሩኽን ድንጋጌዎች በማስታወሻ ያሟሉት የክራኮቩ ረቢ ሞሼ ኢሴርሌስ፣ የሰው የራሱ መተዳደሪያ ከማንም እንደሚቀድምና መተዳደሪያው ሳይሟላ ጸዳቃ የመስጠት ግዴታ እንደማይወድቅበት በግልጽ ጽፈዋል። ዱቄትና ዘይት በዱቤ በሚገዛበት ወር አንድ አሥረኛ ማውጣት አይጠበቅብዎትም። በእኔ አስተያየት እንዲያውም ባለ ሱቁን እያስጠበቁ አሥራት ማውጣት ተገቢ አይደለም፤ ባለ ሱቁም የሚገባው ያልደረሰው ሰው ነውና። ሁለተኛው ስእለት ነው፤ ይህኛው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መልካም ልማድን ያለ ስእለት አደርጋለሁ፣ በዕብራይስጡ «ብሊ ኔዴር»፣ ሳይሉ ደጋግሞ መያዝ በሕጉ ዘንድ እንደ ስእለት ይቆጠራል። እርስዎ ለ9 ዓመታት በየወሩ ይዘውታል፤ ሲጀምሩ ይህን ቃል ካልተናገሩ ብድግ ብለው መተው ወይም ከሙሉ ደመወዝ ወደ ተቀናሹ መሻገር አይችሉም፤ አስቀድመው ስእለቱን ማስፈታት ይኖርብዎታል። ይህም አስቸጋሪ አይደለም፤ በሦስት ሰዎች ፊት ቀርቦ ልማዱን እንዴት እንደጀመሩና ለምን እንደከበድዎት ማስረዳት ነው። ብዙ ሰዎች በሮሽ ሃሻና፣ በአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ዋዜማ በምኩራብ የሚያደርጉት የስእለት ማስፈቻ ሥርዐት፣ ሐታራት ኔዳሪም፣ ይህንኑ ይመስላል፤ የእርስዎ ጉዳይ ግን የታወቀ ልማድ ስለሆነ በስሙ ጠርተው ቢያስፈቱት ይሻላል። ከዚያም በኋላ አቅም በፈቀደ ወር አሥረኛውን፣ ባልፈቀደ ወር የቻሉትን፣ በየጊዜውም «ብሊ ኔዴር» እያሉ ይቀጥሉ። እስከ ዛሬ ከሙሉው ደመወዝ አስበው የሰጡት ትርፍ ጠፋ አይባልም፤ ከአሥረኛ በላይ፣ ከአምስተኛ በታች ሆኖ ለድኾች ደርሷል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት አሥራት እንደማወጣ በሙሉ ልብ አምን ነበር፤ ደብተር ገዝቼ በአንድ በኩል ገቢውን፣ በሌላው በኩል የሰጠሁትን መጻፍ ስጀምር ግን በዓመቱ መጨረሻ የሰጠሁት ከመሰለኝ በግማሽ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ያንን ዓመት ለማካካስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከእርስዎ ፖስታ ጎንም ደብተር ቢኖር ባለቤትዎም ያያሉ፣ የሚያከራክራችሁም ነገር ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የራሴ አነስተኛ ሥራ አለኝ። አንዳንድ ወር አተርፋለሁ፣ አንዳንድ ወር እከስራለሁ። ካተረፍሁበት ወር አሥራት ካወጣሁ በኋላ ብከስር ኪሳራው ለእኔ ብቻ ነው? ደግሞም አንድ ወዳጄ አሥራት የሚያወጣ ይበለጽጋል እያለ ይገፋፋኛል፤ ለመበልጸግ ብሎ መስጠት እግዚአብሔርን መፈተን አይሆንም?

መልስ፦ የንግድ ሰው አሥራት የሚያወጣው ከትርፍ ነው። ሥራውን ሲጀምሩ ከያዙት ዋና ገንዘብ አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲህ የሚታየው ትርፉ ብቻ ነው። የዕቃ መግዣ፣ የሱቅ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና ለሥራው የተወሰደ ብድር ወለድ ይቀነሳሉ። ትርፍና ኪሳራ የሚቻቻሉት ግን በአንድ የሒሳብ ጊዜ ውስጥ ሲሆኑ ነው፤ ሒሳቡ አንዴ ከተዘጋና አሥራቱ ከወጣ በኋላ የመጣው ኪሳራ ወደ ኋላ ተመልሶ አይነካውም። ስለዚህ ገቢዎ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ በየወሩ ከመዝጋት ይልቅ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ከሮሽ ሃሻና እስከ ሮሽ ሃሻና፣ መዝጋት ይበጅዎታል። በመካከሉ የሚሰጡትን እየጻፉ በመጨረሻ ከሚደርስብዎት ላይ ይቀንሱታል።

ስለ መበልጸጉ ወዳጅዎ የያዙት የታልሙድን ቃል ነው። ቶራ «አሴር ትዓሴር»፣ አሥራት አውጣ ይላል፤ የዚህ ቃል ፊደላት በዕብራይስጥ ነጥባቸው ቢለወጥ «ትበለጽግ ዘንድ አሥራት አውጣ» ተብለው ይነበባሉ፤ አሥር እና ብልጥግና የሚጻፉት በአንድ ዓይነት ፊደል ነውና። የታልሙዱ ጠቢብ ረቢ ዮሐናን ይህንን ለሌላው ጠቢብ ለሬሽ ላኪሽ ትንሽ ልጅ ሲነግሩት ልጁ «በምን ታውቃለህ?» አላቸው። «ሂድና ሞክር» አሉት። «ቅዱስ የተባረከውን መፈተን ይፈቀዳልን?» ብሎ መለሰላቸው። እሳቸውም መፈተን በሁሉ የተከለከለ ሆኖ በዚህ ነገር ብቻ መፈቀዱን ተናግረው የነቢዩ ሚልክያስን ምዕራፍ ጠቀሱለት፤ እግዚአብሔር አሥራቱን ሁሉ አግቡና «በዚህ ፈትኑኝ» ያለበት ነው። ልጁም እዚያ ምዕራፍ ላይ ደርሼ ቢሆን ኖሮ አንተም ሆንህ መምህርህ ባላስፈለጋችሁኝ ነበር ብሎ መለሰ። ስለዚህ ወዳጅዎ አልተሳሳቱም፤ በዚህ አሳብ መስጠትም አልተከለከለም። እኔ ግን ለአዲስ ነጋዴ ተስፋውን ይዞ እንዲጀምር እንጂ ተስፋውን በደብተሩ የገቢ ረድፍ ላይ እንዲጽፈው አልመክርም።

ጥያቄ፦ በፑሪም በዓል ለድኾች የምሰጠውን ከአሥራት ገንዘብ ማውጣት እችላለሁ? ጎረቤቴ የታመመች፣ አይሁዳዊት ያልሆነች ሴት ናት፤ ከዚያው ገንዘብ ልረዳት ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ በፑሪም ለሁለት ድኾች ሁለት ስጦታ መስጠት ራሱን የቻለ ግዴታ ነው፤ በሰው ላይ ያለ ግዴታ ደግሞ ከአሥራት አይከፈልም። ሁለቱን ስጦታዎች ከራስዎ ይስጡ፤ ከዚያ በላይ የሚጨምሩትን ግን ከአሥራቱ ማድረግ ይችላሉ። ለጎረቤትዎ መርዳትን በተመለከተ፣ የአሕዛብን ድኾች ከእስራኤል ድኾች ጋር መመገብና ሕመምተኞቻቸውን መጠየቅ እንደሚገባ ጠቢባን ስለ ሰላም መንገድ ብለው ደንግገዋል። መድኃኒቷን ይግዙላት፤ ከቻሉም ራስዎ ይዘውላት ይሂዱ፤ መጠየቁ ከአሥራቱ የማይቀነስ የእርስዎ ድርሻ ነውና።